የሞምባሳ የአየር ንብረት ምንድን ነው? ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለቱ ነፋሶች

የጉዞ ማስታወቂያዎች ሞምባሳን «ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይለያት» ይሏታል። ከኬንያ 47 ካውንቲዎች መካከል አንደኛውን ቁጥር የያዘችው ይህች የወደብ ካውንቲ ግን በግንቦት አካባቢ በአንድ ወር ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል። ያንን ማስታወቂያ አምኖ በግንቦት ሆቴል የያዘ ሰው ቀኑን በመስኮት ዝናብ ሲያይ ቢያሳልፍ ሊደንቀው አይገባም። የሞምባሳ ዓመት ወቅቶች አሉት፤ የሚለዩት ግን እኛ በለመድነው መንገድ አይደለም። (ከዚህ በታች ወራቱን የምጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ዓመታቱ ግን በአውሮፓውያን ናቸው።)

ደጋና ቆላን በከፍታ መለየት የለመደ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ እዚያ ብዙ አይናገርም። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ያህል ርቃ በባሕር ጠለል ላይ የተቀመጠች ናት። እጅግ በሚሞቀው በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 32 ወይም 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ እጅግ በሚቀዘቅዘው በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ወደ 28 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሌሊቱ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት በዓመቱ ወራት መካከል ካለው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የባሕር ዳርቻው ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በነፋስ ነው።

ነፋሶቹ ሁለት ናቸው፤ በስዋሂሊ ካስካዚ እና ኩሲ ይባላሉ። ካስካዚ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብና ከሕንድ አቅጣጫ ይነፍሳል። በዚህ ጊዜ አየሩ ይሞቃል፤ ባሕሩ ይረጋል፤ ዓሣ አጥማጆች ከዳርቻው ትይዩ ከተዘረጋው የኮራል (የባሕር ውስጥ ድንጋይ) ድርድር አልፈው ወደ ጥልቁ ይወጣሉ። ኩሲ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ፣ በጉልበቱም የሚበልጥ ነው። ማዕበሉ ያይላል፤ የባሕር አረም በአሸዋው ላይ ይከመራል፤ ትንንሽ ጀልባዎች ከኮራሉ ወዲህ ባለው ውሃ ይወሰናሉ።

የዚህ መፈራረቅ ሞተሩ ያለው ሩቅ ነው፤ በእስያ ምድር ላይ። በአውሮፓውያን በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ የእስያ መሬት ከውቅያኖሱ ይልቅ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየር ሲወጣ ከደቡብ የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ይሳባል። ኩሲ ይኸው ነው። የምድር ወገብን ሲሻገር በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ ይታጠፍና የሕንድን ታላቅ ሞንሱን (ዝናብ አምጪ የወቅት ነፋስ) ይሆናል። እግረ መንገዱን ወደ ምዕራብ እንዳይዘልቅ የሚያግዱት የኬንያና የኢትዮጵያ ደጋዎች ናቸው፤ የታገደው ነፋስ በሶማሊያ ዳርቻ ተጠራቅሞ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ኃይለኛ የዝቅተኛ ከፍታ ነፋሶች አንዱን ይፈጥራል። በአውሮፓውያን ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ እስያ ስትቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካስካዚም ይነሣል።

ለዘመናት የሸራ መርከቦች ከዓረብና ከሕንድ ወደ ሞምባሳ የሚመጡት በካስካዚ፣ የሚመለሱት በኩሲ ነበር። ይህን ሥርዓት አለማክበር ምን እንደሚያስከፍል ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በራሱ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1498 በሚያዝያ መጨረሻ ከሞምባሳ በስተሰሜን ካለችው ከማሊንዲ የባሕር መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይዞ ሲነሣ ኩሲ ከኋላው ነበረና አንድ ወር ሳይሞላ ሕንድ ደረሰ። ሲመለስ ግን ካስካዚ እስኪነሣ አልጠበቀም። በጥቅምት መጀመሪያ ከሕንድ ዳርቻ ወጥቶ ማሊንዲን ያያት በጥር ነው፤ ሦስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ጉዞ ብዙ መርከበኞቹ በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ አልቀዋል። የአካባቢው ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ ትንሽ እንዲታገሥ ይመክረው ነበር።

ዝናቡ የሚመጣው በአብዛኛው ነፋሶቹ በሚለዋወጡበት ጊዜ ነው። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲመላለስ በሞምባሳ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፋል። ወደ ሰሜን ሲሄድ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማብቂያ ረጅሙ ዝናብ ማሲካ ይዘንባል። ወደ ደቡብ ሲመለስ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ አጭሩ ቩሊ ይመጣል። ጥርና የካቲት ደረቆቹ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መቀነቱ ወደ ሰሜን ዘልቆ በእኛ ላይ ክረምቱን ያወርዳል፤ ሞምባሳም በዚያ ጊዜ አንዳንድ ካፊያ ብቻ ታገኛለች። ኩሲ ከውቅያኖስ እየመጣ ለምን ከባድ ዝናብ አያዘንብም ቢባል፣ የሚነፍሰው ለዳርቻው ትይዩ ሆኖ ስለሆነና አየሩን ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ስለሚያጣ ነው።

የዓመቱ ዝናብ ሲደመር ከ1,000 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ ከአዲስ አበባ ብዙም የሚለይ አይደለም፤ ሞምባሳን እጅግ ዝናባማ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይገርመዋል። የአዲስ አበባው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለላል፤ የሞምባሳው ግን በዓመቱ ላይ ተበትኖ ይገኛል።

ሰውን የሚያደክመው ከዲግሪው ይልቅ እርጥበቱ ነው። አየሩ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይተንም፤ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። በአሮጌው ከተማ ያሉትን ወፍራም የኮራል ድንጋይ ግድግዳዎችና ጠባብ ጥላማ መንገዶች ያየ ሰው ግንበኞቹ ይህን አስበውበት እንደነበር ይገባዋል። ዛሬ የሚሠሩት የመስታወት ሕንፃዎች ይህን ዕውቀት ትተው ኤሌክትሪክ ላይ ተደግፈዋል፤ በእኔ አስተያየት ኪሳራ ነው። ለጎብኚ ምርጡ ጊዜ ነሐሴና መስከረም ይመስለኛል፤ ባሕሩ ትንሽ ቢናወጥም አየሩ ይተነፈሳል።

ከሁለቱ ዝናቦች የማይታመነው ቩሊ ነው። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ያጥለቀልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ2019 እና በ2023 ምሥራቅ አፍሪካን የመታው ጎርፍ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዝናቡ ይቀራል። ቦረና ሀገያ የሚለው፣ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ዴይር የሚለው ዝናብም ከቩሊ ጋር አንድ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና ከብት አለቀ፤ የሞምባሳ ጎረቤት የሆኑት የኪሊፊና የኳሌ ካውንቲዎችም በድርቅ ተጎዱ። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በእያንዳንዱ ዝናብ ዋዜማ የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ሁለቱንም አካባቢ በአንድ ካርታ ላይ የሚያሳየው ለዚህ ነው።