ተለያይቶ መኖር ምንድን ነው? (ፍቺ አይደለም!)

«ሦስት ዓመት ተለያይተው ከኖሩ ጋብቻው በራሱ ይፈርሳል፣ ፍርድ ቤት አያስፈልግም።» ይህችን አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ አየኋት። አንዱ ደግሞ ከሥሯ «እኔንም ጠበቃ ነግሮኛል» ብሎ አጸናላት። ማን ይሆን ጠበቃው! እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ሦስትም አምስትም ዓመት የሚል የለም።

ወሬው ከአሜሪካ ዘመድ የመጣ ይመስለኛል። እዚያ በብዙ ግዛቶች ፍርድ ቤት ባልና ሚስትን ሳያፋታ የሚለያይበት ራሱን የቻለ ውሳኔ አለ። እኛ ጋ ያለው ስምምነት ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት ይችላሉ። አንዳቸው በዘፈቀደ እስካልሆነ ድረስ ስምምነቱን ሊተዉት ይችላሉ። ደብረ ብርሃን ወይ መንዝ ያላችሁ የምትዳኙት በአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ በአብዛኛው ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላል። ፍቼ ያላችሁ ግን የኦሮሚያውን እዩ።

የደጋ ገበሬ የገብስ ማሳውን ጦም ሲያሳድር አይታችኋል። ዘንድሮ አልታረሰም፣ አልተዘራም። ግን የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አለ፣ ግብሩም ይከፈልበታል። የጎረቤት በሬ ገብቶ ቢያርሰው ጠብ ነው። የበቀለው ሣርም የባለይዞታው ነው። ተለያይቶ መኖርም ይኸው ነው። እሱ አዲስ አበባ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝም፣ እሷ ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፍታ የምታተርፈውም የጋራ ነው። መኪና በስሟ ብቻ ብትገዛም የግሏ መሆኑን ካላስረዳች የጋራ ይባላል። በመሀል ልጅ ቢወለድ ሕጉ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይገምታል። (መካድ ይቻላል፤ ራሱን የቻለ ክስ ነው፣ ቀላልም አይደለም።) በዚህ ላይ ሌላ ማግባት ደግሞ ወንጀል ነው።

«ሰበር ወስኖ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተት የሚታረምበት የመጨረሻው ችሎት) ለረጅም ጊዜ ተለያይተው፣ የየራሳቸውን ሕይወት መሥርተው የኖሩ ሰዎችን ጋብቻ በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። ማሳውም እኮ ጦሙን አብዝቶ ቢያድር ይዞታው ሊታጣ ይችላል። ታዲያ መሬቱ ራሱ ተነስቶ ደብተሩን አይቀድም፤ ማስረጃ የሚያይና የሚወስን አካል አለ። ጋብቻም ያው ነው፤ ችሎቱ ያየው ዓመት ቆጥሮ ሳይሆን ኑሯቸውን መርምሮ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንደኛው ከሞተ በኋላ ነው፣ ያውም ሁለተኛዋ ሚስት ልጆቿን ይዛ ስትመጣ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሽማግሌ ወረቀት ነው። ከደብተር የተገነጠለ ገጽ፣ ከሥሩ የሦስት ምስክር ጣት አሻራ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያፈራነው የየግላችን ነው፣ ተፋተናል» ይላል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም፤ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የንብረቱ ቃልም ቢሆን ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ተለያይታችሁ ለመኖር ከወሰናችሁ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ፣ ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጻፉና እንዲያጸድቀው ይዛችሁት ፍርድ ቤት ሂዱ። መፋታት ከሆነ ሐሳባችሁ ደግሞ ፍቺውን ጠይቁ። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ያን ያህል አይጎተትም፤ ዳኛው ቢያንገራግር የሚሰጣችሁ የማሰቢያ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። «ሳንፋታ ከሞተ እወርሰዋለሁ» ብላ የምትጠብቅ አለች። ሟች ካልተናዘዘ ሚስትም ሆነች ባል ወራሽ አይደሉም። ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ትወስዳለች፣ የእሱ ድርሻ ለልጆቹ ይሄዳል፤ ከሌላ የወለዳቸውም ቢሆኑ። ጡረታው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ጋብቻው መቆየቱ ለውጥ አለው።