የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ

ጓሳ የሣርም የአገርም ስም ነው። ሣሩ በውርጭ አገር በጉት በጉት፣ ማለትም በአንድ ሥር እየተሰበሰበ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ የፌስቱካ ወገን ነው። አገሩ ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተዘረጋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አምባ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወጥቶ ጣርማበር ላይ የደሴውን መንገድ ትቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፍ መንገደኛ ጓሳን አቋርጦ ያልፋል፤ ርቀቱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ደን ሲባል የሚታሰበው ረጅም ዛፍ እዚህ የለም። ያለው ጓሳው ራሱ፣ ረግረጉ፣ በየገደሉ አፍ የተጠጋ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ፣ ነዋሪው ለማገዶ የሚፈልገው ጨረንፊ የተባለ ሌላ ቁጥቋጦ፣ ከሩቅ ሰው የቆመ የሚመስለው ጅብራ፣ ሲረግጡት የሚሸተው ጦስኝ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ጓሳን ከሌሎች የአገሪቱ ጥብቅ ሥፍራዎች የሚለየው ግን እንስሳው ወይም ዕፅዋቱ ሳይሆን ጠባቂው ነው። ብሔራዊ ፓርክ የሚባል ነገር በኢትዮጵያ ከመታሰቡ 300 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ገበሬ ሲከለክለውና ሲከፍተው ኖሯል። ያንን ያደረገው ደግሞ ለቀበሮው ብሎ ሳይሆን ለሣሩ ሲል ነው።

ሣሩ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው አገልግሎቱ የቤት ክዳን ነው። ለክዳን የሚሆን ጓሳ ሳይታጨድ ዓመታት የቆየ፣ ረጅምና የጠነከረ መሆን አለበት። ለጋው ሣር አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ሣሩ በበጋ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ በማጭድ ይታጨዳል፤ አጫጁ እፍኝ እፍኙን ይዞ ከጉቱ በላይ ይቆርጣል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም። ከዚያ እየተራገፈ ጉዱፉ ይለቅና በራሱ ሣር እየታሰረ ሸክም ይሆናል፤ በሰው ትከሻ ወይም በአህያ ይጓዛል። ክዳኑ ከጣሪያው ግርጌ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ የላይኛው ድርብ የታችኛውን ማሰሪያ ካልሸፈነ ውኃው በማሰሪያው በኩል ወደ ቤት ይገባል።

ከክዳን የተረፈው ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራል፣ ለመኝታ ይጎዘጎዛል፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረጋል። መሬት ያነሰው ወይም ጭራሽ የሌለው ቤተሰብ ሣር አጭዶ ገበያ በማውጣት ጥሬ ገንዘብ ያገኛል። ስለ ጥበቃ ጥቅም ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ቱሪስት ነው፤ በጓሳ ግን ሣሩ ከቱሪስቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ቀሮ

አምባውን ያስተዳድር የነበረው ልማድ ቀሮ ይባላል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ምድሩን ያቀኑት አስቦና ገራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ ጓሳም የአስቦና የገራ ተብሎ በሁለት ተከፈለ። በሣሩ የመጠቀም መብት የነበረው የዘር ሐረጉን ከአቅኚ አባት መቁጠር የሚችል ባለ አጽመ ርስት፣ ማለትም የአባት መሬት ወራሽ ነበር። በየወገኑ ተጠቃሚዎቹ አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ጥበቃውን ያሰማራል፣ ሣሩ መድረሱን ይመረምራል፣ የሚከፈትበትን ቀን ያሳውቃል፣ ደንብ የጣሰውን ያስቀጣል። ጥበቃው የተቀጠረ ዘበኛ አልነበረም፤ ባለ መብት የሆነ አባወራ ሁሉ በተራው ሊወጣ ይገደድ ነበር።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር ጊዜው ላይ ነው። ጓሳ ሲዘጋ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማስገባትም ክልክል ይሆናል። መዘጋቱ ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ተከታታይ ዓመት ይዘልቃል፤ ርዝመቱን የሚወስኑት የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር ናቸው። ደረሰ ሲባል የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ይታወጃል፤ ብዙውን ጊዜ ድርቁ በሚበረታበት በየካቲት ነው። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ብቻ ከብቱ ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሣሩ ተረግጦ ለክዳን ሳይሆን ይቀራል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል፤ አዲሱ መዘጋትም ያን ጊዜ ይታወጃል። በክረምት የራሰ አፈር በሰኮና ሲረገጥ ጉቱ ይነቀላል፣ ረግረጉም ይቦካል፤ ስለዚህ ቀኑ ለበዓል ብቻ ተብሎ የተመረጠ አይመስልም።

አሠራሩ ፍትሐዊ ነበር ማለት ግን አይደለም። ከአቅኚ አባት የማይወለድ ሰው፣ ቤቱ አፋፉ ላይ ቢሆንም፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም።

ከ1967 በኋላ

የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮም መሠረት አብሮ ወደቀ። መብቱ በዘር ሐረግ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ሐረጉ ዋጋ ሲያጣ አፈሮው የሚያዝዘው አጣ። ሣሩ የሁሉም ሆነ፤ ቀድሞ የደረሰ የሚያጭደው፣ ሁሉም ከብቱን የሚያስገባበት ሜዳ ሆነ። ዳር ዳሩ ለገብስ ታረሰ።

ቀሮ ራሱ ተመልሶ አልመጣም። ሕዝቡ ግን የሚያውቀውን ሌላ ድርጅት፣ ዕድርን፣ ለጥበቃው አዋለው፤ በየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። መብቱም ከትውልድ ሐረግ ወደ ቀበሌ ነዋሪነት ተሸጋገረ፤ የቀድሞው አድልዎ በዚህ በኩል ቀንሷል። ኋላ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበርና ሌሎች የጥበቃ ድርጅቶች በሥልጠናና በገንዘብ ገብተውበት የአስተዳደር ዕቅድ ተዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን በደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ሕጋዊ ወረቀቱ የጨመረው ትልቅ ነገር ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው፦ መሬት ለእርሻ ወይም ለሌላ ሥራ የሚጠይቅ አካል ሲመጣ ሽማግሌው የሚያሳየው ድንበርና ደንብ አለው።

ውኃና ከብት

የጓሳ አምባ የሁለት ተፋሰሶች ጫፍ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ገደሉን ተከትሎ ወደ ይፋት ቆላና ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምዕራብ የሚፈሰው በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የሣሩ ጉት ጉምና ጤዛ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈርና ረግረጉ የክረምቱን ውኃ ጠጥተው በበጋ ቀስ እያደረጉ ይለቁታል። ሣሩ የተገለበጠበት ተዳፋት ውኃውን በአንድ ዝናብ ይለቀውና የካቲት ላይ ምንጩ ይደርቃል። ታች ቆላ ላይ በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ጓሳን አይቶት ባያውቅም የሚጠጣው ከእርሱ ነው። ይህ ጥቅም በብር ተሰልቶ ለመንዝ ገበሬ አይከፈልም፤ የላይኛው ደክሞ የታችኛው መጠቀሙ የዚህ ዓይነት ጥበቃ ሁሉ ያልተፈታ ጉድለት ነው።

መንዝ በበጉና ከጠጉሩ በሚሠራው ባና በሚባል ወፍራም ልብስ የታወቀ ነው። አገሩ የበልግ ገብስ ስለሚጠብቅ በልግ በቀረ ቁጥር ሰውም ከብቱም ይቸገራል። ተዘግቶ የቆየው ሣር የዚያን ጊዜ እንደ ጎተራ ነው፤ በድርቅ ወቅት በስምምነት ሲከፈት ገበሬው በጉን በረከሰ ዋጋ ከመሸጥ ይድናል። ሳይዘጋ የከረመ ሜዳ ግን በክፉ ቀን የሚሰጠው የለውም።

ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ አይጡ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በመላ አገሪቱ ያሉት አዋቂዎች ከ500 ያንሳሉ፣ በጓሳ የሚገኙትም በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ዋናው ምግቡ የሣር አይጥ ነው። የበግ ግልገል መውሰዱ አልፎ አልፎ ቢሰማም፣ ጅብና ነብርም ባሉበት አገር የጠፋ ግልገል ሁሉ የእርሱ ዕዳ አይደለም።

በጓሳ የተደረገ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ የሚሳካለት 25 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሲያድን ግን 67 በመቶ ደርሷል። ጭላዳዎቹም ግልገላቸውን እስካልነካ ድረስ አይሸሹትም። ጭላዳው በሌሎች ቦታዎች ኑሮው በሣር ላይ ሲሆን፣ በጓሳ ግን ከምግቡ ሲሶ የሚበልጠው ሌላ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ብዙ በግ ያልጋጠው መሬት ሣር ብቻ እንደማያበቅል ምስክር ነው። በ2001 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ አምባው ላይ ሲወርድ ደግሞ ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ ታይተዋል።

እንግዳ የሚመጣውም ለእነዚህ ነው። አምባው ላይ የማኅበረሰቡ የሆነ ማደሪያና የድንኳን ቦታ አለ። ከመግቢያ፣ ከማደሪያ፣ ከመንገድ መሪ፣ ከፈረስና ከበቅሎ ኪራይ፣ ከምግብ አብሳይ የሚገኘው ብር በአካባቢው ይቀራል። ምቹው ጊዜ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም መኝታ የግድ ነው። ገቢው ግን የሚታመን አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ፣ ከዚያም በክልሉ ግጭት ሲቀጥል፣ እንግዳ ቀረ። ጥበቃውን በቱሪስት ብር ላይ ብቻ ያቆመ ሥፍራ እንዲህ ባለ ጊዜ ዘበኛ የሚከፍልበት ያጣል።

የሚያበላሸው

ቀስ ብሎ ከሚበላው አንዱ እርሻ ነው። ድንበሩ ላይ ያለው ገበሬ በየዓመቱ ጥቂት ትልም ይገፋል። ሣር ምድሩን ገልብጦ፣ ጓሉን ከምሮ ያቃጥልና (ይህ ጓይ ይባላል) ገብስ ይዘራል። የመጀመሪያው ምርት ደህና ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አፈሩ ይሟጠጥና ለረጅም ጊዜ ጦም ያድራል፣ ጓሳው ግን ቶሎ አይመለስበትም። መፍትሔው የሚታይ የድንበር ምልክትና ክረምት ሳይገባ የሚደረግ የሽማግሌዎች ዙረት ነው፤ ገብሱ ከበቀለ በኋላ የሚነሳ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ይሄድና ይከርማል።

ማገዶ ሁለተኛው ነው። ጨረንፊ ከነሥሩ ከተነቀለ ተዳፋቱ ይገለጣል፤ ኩበት በብዛት ሲለቀም ደግሞ አፈሩ ማዳበሪያውን ያጣል። በየቀዬው ዛፍ መትከልና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ጫናውን ያቀላሉ፣ ግን ዛፍ በዚህ ከፍታ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዛሬ የተተከለው ለነገ እራት አይደርስም።

ከእረኛ ጋር የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ከገባ አንድ የቀበሮ መንጋ በሳምንታት ሊያልቅ ይችላል። ክትባት የሚሠራው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ቡችላ ስለሚወለድም አንድ ዓመት ከታለፈ መጠኑ ይወርዳል። ክትባቱ ሰውንና ከብትን ስለሚያድን ገበሬው ውሻውን ይዞ ለመምጣት ብዙ አይለመንም።

ከሁሉ የከበደው ግን ጥፋት የማይባል ነገር ነው፤ ቆርቆሮ። ከመሐል ሜዳ ጀምሮ በየመንደሩ የሣር ክዳን ማድ ቤትና በረት ላይ እየቀረ፣ መኖሪያው ቆርቆሮ እየለበሰ ነው። ጓሳ ሦስት ዓመት ተዘግቶ የሚጠበቀው ሣሩ ስለሚፈለግ ነበር፤ ለክዳን የማይፈለግ ሣር ለከብት ብቻ ይሆናል፣ ለከብት ደግሞ ሦስት ዓመት የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ አሁን በሽማግሌዎቹ ፊት ያለው ጥያቄ የመዘጋቱን ርዝመት ምን ይወስነው የሚል ነው፤ መኖው፣ ውኃው ወይስ እንግዳው።