«ዝሆኑን አይቻለሁ»

በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ ገጠር ርቀው የሄዱ ሰዎች ለቤተሰባቸው በላኳቸው ደብዳቤዎች ውስጥ «ዝሆኑን አይቻለሁ» የሚል አነጋገር ደጋግሞ ይገኛል። ትርጉሙ «ጓጉቼ የወጣሁለትን ነገር ደረስሁበት፤ ዋጋውንም በራሴ ከፈልሁ» ማለት ነው።

መነሻው እንዲህ ይተረካል። ዕድሜ ልኩን ዝሆን አይቶ የማያውቅ አንድ ገበሬ፣ ሰርከስ ከተማ ሊገባ መሆኑን ሲሰማ እንቁላልና አትክልት በጋሪ ጭኖ ወደ ገበያ ይገሰግሳል። መንገድ ላይ ከሰርከሱ ሰልፍ ጋር ሲገናኝ ፈረሶቹ ከፊት የሚመጣውን ዝሆን አይተው ይደነብሩና ጋሪው ይገለበጣል፤ እንቁላሉም አንድ ሳይተርፍ ይሰበራል። ገበሬው ግን «ግድ የለም፣ ዝሆኑን አይቻለሁ» አለ ይባላል። ነገሩ ተረት ቢሆንም ጉጉቱ እውነተኛ ነበር፤ በ1796 እ.ኤ.አ. ከሕንድ በመርከብ የመጣ ዝሆን ኒውዮርክ ከደረሰ ወዲህ፣ ባላገሩ ይህን እንስሳ ለማየት ገንዘብ ይከፍል ነበር።

አነጋገሩ ይበልጥ የገነነው በ1849 ወርቅ ፍለጋ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ካሊፎርኒያ በተጓዙት ዘንድ ነው። በፕላት ወንዝ ዳር ብዙዎችን ኮሌራ ጨረሳቸው፤ በረሃው ደግሞ በሬዎቻቸውን ፈጀ። ገና መከራውን መቅመስ የጀመረው «የዝሆኑን ዳና አየሁ» ሲል፣ ተስፋ ቆርጦ ከመንገድ የተመለሰው «ዝሆኑን እስኪበቃኝ አየሁት» ይል ነበር። በዚያን ጊዜ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ለሚላክ ግማሽ አውንስ ደብዳቤ 40 ሳንቲም ይከፈል ስለነበር ቃል መቆጠብ ግድ ነበር፤ ለእኔ ግን አነጋገሩ ከገንዘቡ ይልቅ የእናትን ልብ የቆጠበ ይመስለኛል፣ ስንት ጓደኛ እንደቀበረ ሳይዘረዝር መከራውን ያስታውቃልና።

የእኛ «አሳሩን አየ» ለዚህ ቅርብ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ መከራ የሚታይ ነገር ሆኗል። ልዩነቱ፣ አሳር ሳይጠሩት የሚመጣ ሲሆን ዝሆኑን ግን ሰው ራሱ ፈልጎ መሄዱ ነው።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የገበሬ ልጆች አነጋገሩን ይዘውት ዘመቱ፤ ዝሆኑም የመጀመሪያው ውጊያ ሆነ። ከውጊያው በፊት ለማየት የቸኮለው ወጣት፣ ከውጊያው በኋላ ለቤቱ ሲጽፍ «አይቼዋለሁ፤ ዳግመኛ ማየት አልሻም» ይላል።