50 በመቶ ቀይ 128 አይደለም፦ የሳቹሬሽን ዒላማ ስሌት የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር ካሊብሬት ሲደረግ (ቀለሙ ከስታንዳርዱ ጋር እንዲገጥም ሲስተካከል) ስድስቱ ቀለሞች፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ፣ በ25፣ በ50፣ በ75 እና በ100 በመቶ ሳቹሬሽን (የቀለም ንጣት-አልባነት መጠን) ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ መለኪያው ያነበበው ከዒላማው ጋር ይተያያል። ችግሩ ስክሪኑ ሳይሆን ዒላማው ራሱ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በጥቅስ ውስጥ ያሉት ርዕሶች በዚህ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ለሬክ 709 (የኤችዲ ቪዲዮ የቀለም ስታንዳርድ)፣ ለዲ65 ነጭ (የስታንዳርዱ ነጭ) እና ለ2.4 ጋማ (ኮዱ ወደ ብርሃን የሚቀየርበት ፓወር) ናቸው።

«50 በመቶ ቀይ 255፣ 128፣ 128 ነው»

ይህ የሥዕል ሶፍትዌሮች የኤችኤስቪ ሂሳብ ነው፤ ቀለምን በዓይነቱ፣ በሳቹሬሽኑና በድምቀቱ የሚገልጽ። በካሊብሬሽን 50 በመቶ ሲባል በሲአይኢ ኤክስ-ዋይ ዲያግራም (እያንዳንዱ ቀለም በሁለት ቁጥር፣ በኤክስና በዋይ፣ ቦታው የሚታወቅበት ካርታ) ላይ ከነጩ ወደ ዋናው ቀለም የሚወስደው ቀጥታ መስመር መሃል ነጥብ ነው። ነጩ 0.3127፣ 0.3290 ላይ፣ ቀዩ 0.640፣ 0.330 ላይ ነው። ስለዚህ፦

ኤክስ = 0.3127 + 0.5 × (0.640 − 0.3127) = 0.4764
ዋይ = 0.3290 + 0.5 × (0.330 − 0.3290) = 0.3295

እዚያ ነጥብ ላይ የሚያደርሰው ኮድ (ወደ ስክሪኑ የሚላኩት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሮች) የሚሰላው ጋማ ሳይገባበት፣ በብርሃኑ መጠን ነው። የአንድ ቀለም ክብደት ከነጩ ብርሃን ያለው ድርሻ ለዋይ ቁጥሩ ሲካፈል ይገኛል፦ ቀይ 0.2126 ÷ 0.330 = 0.644፣ ነጭ 1 ÷ 0.329 = 3.040። ቀዩ 1 ሲሆን አረንጓዴውና ሰማያዊው እያንዳንዳቸው 0.644 ÷ (0.644 + 3.040) = 0.175 ይሆናሉ። ጋማው የሚገባው አሁን ነው፦ 0.175 በ1/2.4 ፓወር 0.484 ይሰጣል፤ ከ16 እስከ 235 ባለው የቪዲዮ ደረጃ 16 + 219 × 0.484 = 122። ኮዱ 235፣ 122፣ 122 ነው።

ሰማያዊ በዚሁ መንገድ 146፣ 146፣ 235 ይወጣል። የኤችኤስቪው አቋራጭ ቀይ ላይ 47 በመቶ ገደማ ስለሚሰጥ ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል፤ ሰማያዊ ላይ ግን 63 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጤነኛውን ሰማያዊ ማከም ይጀመራል።

«ቢጫ በቀይና በአረንጓዴ መሃል ላይ ነው»

መሃሉ 0.470፣ 0.465 ነው፤ ትክክለኛው ቢጫ ግን 0.4193፣ 0.5053 ላይ ይገኛል። የአረንጓዴ ክብደት 1.192 ስለሆነ፣ የቀይን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውምና፣ ነጥቡን ወደራሱ ይስባል።

«ነጥቡ ዲያግራሙ ላይ ካረፈ በቃ»

የብርሃን ዒላማም አለ። ለ50 በመቶ ቀይ 0.2126 + 0.175 × 0.7874 (የአረንጓዴና የሰማያዊ ድርሻ ድምር) = 0.350 ነው፤ ነጩ 100 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ከሆነ 35 ኒት መነበብ አለበት። ብዙ ፓተርኖች (ለመለኪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጡ ቀለሞች) የሚወጡት ግን በ75 በመቶ ደረጃ ነው (180፣ 95፣ 95)። ያኔ ብርሃኑ በ0.75 ፓወር 2.4፣ ማለትም በ0.501 ይባዛና ዒላማው 17.6 ኒት ይሆናል። ፓተርኑን ቀይሮ ዒላማውን 35 ላይ የተወ ሰው ምንም ያልሆነውን ስክሪን «ጨልሟል» ይላል።

«ሳቹሬሽን ከጎደለ የከለር ማስተካከያውን ከፍ ማድረግ ነው»

ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይሄኛው ነው። ለ2.4 የተሰላው 122 ጋማው 2.2 በሆነ ስክሪን ላይ ሲወጣ 0.175 መሆን የነበረበት ብርሃን 0.202 ይሆናል። ነጭ በዛበት ማለት ነው፤ ነጥቡ ወደ 46 በመቶ፣ ኤክስ ወደ 0.462 ያፈገፍጋል። የ100 በመቶው ቀይ ግን ንቅንቅ አይልም፣ የሌሎቹ ሁለቱ ኮድ ከመነሻው ባዶ ነውና። ስለዚህ 100 በመቶው ልክ ሆኖ መሃሎቹ ከጎደሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋማ ነው። ጥቁር ደረጃ፣ ግራጫ ሚዛን (ግራጫው ወደ ሌላ ቀለም እንዳያዘነብል ማድረግ)፣ ጋማ፣ ከዚያ በኋላ ቀለም፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

«100 በመቶዎቹ ከተስተካከሉ ሌላው ይከተላል»

አይከተልም። የቴሌቪዥኑ የቀለም ማስተካከያ ጫፉን ሲያስተካክል መሃሉን ሊያጣምም ይችላል፤ የሰው ቆዳ ቀለም ያለው ደግሞ መሃል ላይ ነው። ፓነሉ 0.640 ቀይ ላይ መድረስ ካቃተው ዒላማውን ወደ ፓነሉ ጫፍ ማውረድ አይገባም፤ ከ25 እስከ 75 ያሉትን በስታንዳርዱ አስተካክሎ 100 በመቶውን እንደጎደለ መተው ይሻላል።

«ሁሉም ሶፍትዌር አንድ ዓይነት ዒላማ ይጠቀማል»

እርምጃውን በዩ ፕራይም-ቪ ፕራይም ዲያግራም (የሲአይኢ ሌላ የቀለም ካርታ) ላይ እኩል የሚከፍል ስሌትም አለ። መስመሩ ያው ነው፤ 50 በመቶ ቀይ ግን ኤክስ 0.485 ላይ ያርፋል። ፓተርኑ በአንዱ፣ ዒላማው በሌላው ከተሰላ 100 በመቶው ይገጥማል፤ መሃሎቹ በሙሉ ስህተት መስለው ይታያሉ።