«በተመቸኝ ጊዜ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ፈተና በደረሰ ቁጥር ከተማሪ ልጆቼ የሚመጣልኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ «አባ፣ ምንም አላነበብኩም፤ ይጸልዩልኝ።» እጸልያለሁ። ግን አዝናለሁ። ወራት ሙሉ ያልተገለጠ መጽሐፍ በሦስት ሌሊት እንዲገባን እግዚአብሔርን ስንለምን፣ እየጸለይን ነው ወይስ እየተፈታተንነው? «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የተባለው ከመቅደስ ጫፍ ለመዝለል ላሰበ ብቻ አይደለም።

ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው ቅዱስ አይደለም፤ ፊልክስ የተባለው የይሁዳ ገዥ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር ሆኖ አስጠራው። ሐዋርያው ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፊልክስ ፈራ። ልብ በሉ፤ አላፌዘም፣ አልተቆጣም፣ ፈራ። ቃሉ ገብቶታል ማለት ነው። መልሱ ግን «አሁንስ ሂድ፥ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» ሆነ (ሐዋ. 24፥25)።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ፊልክስ ጳውሎስን ረስቶት አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ እያስመጣ ያነጋግረው ነበር፤ ዓይኑ ግን ከጳውሎስ በሚጠብቀው ጉቦ ላይ ነበር። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈና ፊስጦስ የተባለ ሌላ ገዥ ተተካበት። የተመቸው ጊዜ አልመጣም።

አንተስ መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ትከፍተው የለ? ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፤ ዓይንህ ግን ስልኩ ላይ ነው። «ይህችን ቪዲዮ ልጨርስና»፣ «ከእሑድ ጀምሮ»፣ «ጭንቅላቴ ሲረጋጋ»... ይህ ሁሉ የፊልክስ ቋንቋ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አቀላጥፌ እናገረው ነበር፤ ስለዚህ ከሩቅ ቆሜ ስፈርድባችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ምወደው ጥቅስ እንምጣ። ያው ጳውሎስ ኋላ በእስር ሆኖ ለኤፌሶን ሰዎች «ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ» ብሎ ጻፈ (ኤፌ. 5፥16)። «ዘመኑን» የተባለው በግሪኩ ካይሮስ ነው፤ ዝም ብሎ የሚነጉደው ሰዓት ሳይሆን ምቹው፣ የተሰጠው ጊዜ ማለት ነው። ፊልክስ «በተመቸኝ ጊዜ» ሲልም በግሪኩ የተጻፈው ይኸው ቃል ነው። ፊልክስ ካይሮስን ቁጭ ብሎ ጠበቀው፤ በእርሱ ቀጠሮ ሁለት ዓመት የታሰረው ሐዋርያ ግን «ዋጁት» አለ። መዋጀት ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው፤ የግሪኩ ቃል ራሱ የገበያ ቃል ነው። ዋጋ ሳይከፍሉ የሚዋጅ ነገር የለም። ዋጋው አንዳንዴ እንቅልፍ ነው፣ አንዳንዴ ጨዋታ፣ አንዳንዴም ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ መምጣት። የተማርከውን በዚያው ቀን ደግመህ ማየትም ዋጋ ነው፤ ሲደክምህ የምትከፍለው ትንሽ ዋጋ፣ ኋላ ግን ሌሊቶችን የሚያተርፍልህ።

«አገልግሎት በዝቶብኝ ነው» የሚሉኝም አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የትምህርት ዘመንህ ከእግዚአብሔር ተደብቀህ የምትሠራው የግል ጉዳይ ነው እንዴ? ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቴና አብረው ተምረዋል። ጎርጎርዮስ ኋላ ባስልዮስን ሲያወድስ፣ በዚያች ከተማ ሁለት መንገድ ብቻ እናውቅ ነበር ይላል፤ አንዱና የሚበልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራኗ፣ ሁለተኛው ወደ ውጭው ትምህርት መምህራን የሚወስደው። የድግሱንና የቲያትሩን መንገድ ለፈለገው ተውነው ይላል። ልብ በሉ፣ አንዱን መንገድ ለሌላው ሰበብ አላደረጉትም። ዳንኤልም የከለዳውያንን ትምህርት ሦስት ዓመት ሲማር ጾሙን አልተወም፤ ጸሎቴን አበዛለሁ ብሎም ትምህርቱን አልጣለም።

ዓመቱን ያባከንሽ እኅቴ፣ ውጤቱ ወጥቶ አንገትሽን የደፋሽ፣ ላንቺ ግን ቁጣ የለኝም። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች «ክርስቶስ ከሕግ እርግማን ዋጀን» ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ግሥ «ዘመኑን ዋጁ» ካለበት ጋር አንድ ነው። አንቺን ራስሽን በደሙ የዋጀ ጌታ፣ አንድ የወደቅሽበት ዓመት ከእጁ የሚያመልጥ ይመስልሻል? በኢዩኤል አፍ አንበጣ የበላውን ዓመት እመልሳለሁ ብሏል እኮ። ያመለጠሽን እያሰብሽ የቀረውን ደግሞ ለአንበጣው አታስበዪው። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፣ ንስሐ ግቢ፣ ተኚ፤ ነገ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ያንን የፈራሽውን ምዕራፍ ክፈቺ። ሙሉውን ጨርሺ አላልኩሽም፤ አንድ ገጽ።