ረዳት አብራሪ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ እናቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። አቦሉን ፉት እንዳሉ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስመጣ አባ ጅፋር ላይ ያሳረፈን ረዳቱ ነው አሉኝ። ካፒቴኑ ምን ሆኖ ነው?»

የበረራ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ እሰማዋለሁ። እሳቸው እንኳ በቅንነት ነው የጠየቁት። ያናደደኝ ባለፈው ወር በሬዲዮ «ተለማማጅ ረዳቶች ሰው ጭነው ይበራሉ» እያለ ሲተነትን የነበረው ሰውዬ ነው።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል። ረዳት ስንል ትዝ የሚለን መናኸሪያ በር ላይ «አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለው፣ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ሻንጣ የሚያስረው፣ ዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ታኮ የሚያደርገው ልጅ ነው። መሪ አይነካም። ቢነካም ሾፌሩ አያይ ብሎ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው፦ ያንን አውቶቡስ ሁለት መሪ ያድርጉለት፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዙር። ፍሬኑም በሁለቱም በኩል ይሁን። ረዳቱ ከበር መጥቶ ከጎንዎ ይቀመጥ፣ ኪሱ ውስጥም የራሱ መንጃ ፈቃድ ይኑር። ከጅማ እስከ ወልቂጤ እሱ ይነዳል፤ እርስዎ የሙቀት መለኪያውን ያያሉ፣ ስልኩን ያነሳሉ፣ የጊቤ ቁልቁለት ሲጀምር «ፍጥነት» ይሉታል። ከወልቂጤ በኋላ ተራ ትቀያየራላችሁ። ቁልቁለቱ መሐል ራስዎን ቢስቱ ተሳፋሪውን ይዞ ወልቂጤ የሚገባው እሱ ነው። በሰላሙ ቀን ግን የመጨረሻው ውሳኔ የእርስዎ ነው፤ ተጠያቂውም እርስዎ። የካፒቴንነት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ማን አሳረፈ የሚለው የተራ ጉዳይ ነው። (አውቶቡስ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ አውሮፕላን አይቆምም። ሁለት ሰው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።)

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ባወጣው ዝቅተኛ መስፈርት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ለተማረ 150። በቀኝ ወንበር፣ ማለትም በረዳትነት፣ ለመቀመጥ በዚያ ላይ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ፈቃድ ይጨመራል፤ ለዚያው ለሚያበረው ዓይነት አውሮፕላን ደግሞ ታይፕ ሬቲንግ የሚባል ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ። ሲሙሌተር በሚባለው፣ መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስለው ማሽን ውስጥ ሞተሩ መነሻ ላይ ሲጠፋበት መሪው እጁ ላይ ነው እንጂ ዳር ቆሞ አያይም። እርግጥ ታይፕ ሬቲንጉ «በረዳትነት ብቻ» ተብሎ የሚገደብበት አሠራር አለ። ይህችን ሳልናገር ባልፍ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።

የሬዲዮው ተንታኝ «1,500 ሰዓት ያልሞላው አብራሪ አይባልም» ብሏል። 1,500 የሚጠየቀው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ ለሚባለው፣ ማለትም ሁለት አብራሪ በሚፈልግ የንግድ አውሮፕላን ላይ አዛዥ ለመሆን ነው። ያውም ሰዓቱ መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ ከውስጡ 100ው የሌሊት፣ 75ቱ የመሣሪያ በረራ መሆን አለበት። ታዲያ ይህ ሰዓት በአብዛኛው የሚጠራቀመው የት ነው? እዚያው ቀኝ ወንበር ላይ። ተንታኙ ወንበሩን ከልክሎ ሰዓቱን ይጠይቃል።

አሜሪካ ግን ረዳቱንም 1,500 ታስሞላለች፤ ከወታደር ቤትና ከኮሌጅ ለሚመጡ ቅናሽ አለ። ሕጉን የወለደው እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀው ኮልጋን የተባለው አየር መንገድ አውሮፕላን ነው፤ ኪው 400 ነበር፣ ጅማ የሚመላለሰው ዓይነት። 50 ሰው ሞተ። የዚያ አውሮፕላን ካፒቴን ከ3,000፣ ረዳቷ ከ2,000 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ሕጉ በዚያ ቀን ቢኖር ኖሮ ሁለቱንም አያስቀርም ነበር። ዛሬ እዚያ ብዙ ወጣት ሰዓቱን የሚሞላው ሴስና በሚባል ትንሽ አውሮፕላን ተማሪ እያስተማረ ነው። ስለዚህ «የበረራ አስተማሪ» ሲባል ፀጉሩ የሸበተ ሰው አይታያችሁ፤ ብዙ ጊዜ ገና መንገድ ላይ ያለ ልጅ ነው። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ሲወድቅ ደግሞ የውጭ ሰዎች የረዳቱን 361 ሰዓት ይዘው ተነሱ። ከአራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ በወደቀው ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የነበረው ረዳት ከ5,000 ሰዓት በላይ በሯል። ሁለቱንም አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ደጋግሞ ወደ መሬት የገፋው ያው ኤምካስ የተባለው፣ ራሱ በራሱ የሚሠራው ሥርዓት ነው። ሰዓት ዋጋ የለውም አላልኩም፤ የበረራ ሰዓቴን የምመዘግብበትን ሎግቡኬን ማን ያስጥለኛል። የሰዓት ቁጥር ብቻውን ግን የሰውን ችሎታ አይነግራችሁም።

ደግሞ ፈቃድ እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ወረቀት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ በየዓመቱ አለ፤ ከ60 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ ያልሠራ፣ የ20,000 ሰዓት ካፒቴን ቢሆን እንኳ፣ ሰው ጭኖ ከመነሣቱ በፊት ወደ ሲሙሌተር ይመለሳል። 65 ዓመት ሲሞላው ደግሞ፣ ቢወድም ባይወድም፣ ከዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ይወርዳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። በረካው ተቀድቷል። «ታዲያ ይህን ያህል የለፋን ልጅ ለምን ረዳት አላችሁት?» አሉ። ፈርስት ኦፊሰር እንለዋለን ልል ነበር፤ እንግሊዝኛ ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ አብራሪ ቢባልስ? እሱም ደስ አላላቸውም።

ሲኒውን አስቀመጡና ሳቁ። «የኔ ረዳት ይህን ሰምቶ ቢሆን በማግስቱ ‹ጋሼ፣ እስከ ወልቂጤ የኔ ተራ ነው› ይለኝ ነበር።»