የመምህራን የውጤት ክፍያ ምንድን ነው?

መምህሩ ከደመወዙ በላይ በሥራው ልክ የሚጨመርለት ገንዘብ ነው። ሥራው በምን ይለካ? ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በተማሪ ፈተና ይለካ የሚሉ ብዙ ናቸው። እንግሊዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1862 ጀምራው ነበር። ኢንስፔክተር ይመጣል፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይፈትናል። ልጁ በአንዱ ከወደቀ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ላይ 2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይቀነሳል። መምህራኑስ ምን አደረጉ? የንባብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አሸመደዷቸው። ልጁ ሳያነብ ያልፋል። መምህራኑን አልፈርድባቸውም፤ እንጀራቸው እኮ ነው።

በቅርቡ ደግሞ የአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሦስት የትምህርት ዓመት ሞከረችው። ፈቃደኛ የሒሳብ መምህራን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን በዓመት እስከ 15,000 ዶላር ጉርሻ ተቀመጠ። በጥቅሉ ሲታይ ግን የሁለቱ ወገን ተማሪዎች ውጤት አልተለያየም። ክፍልፋይን እንዴት እንደሚያስረዳ የቸገረው መምህር ገንዘብ ስላየ ብቻ ዘዴው አይመጣለትም። የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

ሜንተር የሚባለው ይሄ ሰው ነው። ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የአንዲት ጀማሪ መምህርት ክፍለ ጊዜ ያያል። ሲወጡ፣ «ጥያቄ የምትጠይቂው የፊት ረድፉን ብቻ ነው፤ ነገ ከኋላ ጀምሪ» ይላታል። በማግስቱ ተመልሶ ያያል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ታፕ የተባለ ፕሮግራም ሁለቱን አገናኘ፦ ጉርሻው እንዳለ ሆኖ፣ ባልደረባውን ለሚያግዝ ሜንተርም ተጨማሪ ክፍያ አለው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው።

በእኛም አገር መንገዱ በወረቀት ላይ አለ። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚያደርስ የደረጃ እድገት አለ፤ ደመወዝም አብሮ ይጨምራል። አዲስ መምህርም በሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ውስጥ ሜንተር ይመደብለታል። ግን ሜንተሩ ራሱ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍለ ጊዜ ካልተቀነሰለት የጀማሪውን ክፍል መቼ ገብቶ ያያል? ማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም የጀማሪዋ ሥራ የሚሰበሰብበት ፋይል ላይ ፈርሞ ይሄዳል፤ ጀማሪዋም ስድሳ ልጅ ፊት ብቻዋን ትቆማለች።